«አደራ» ያለችኝን ሲስተር ሳልጎዳ ያየሁትን እንዴት ልጻፍ?

የምክር ዓምድ

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ዘንድሮ በኢንፎርሜሽን ሲስተም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመረቅኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለሦስት ወር ኢንተርን አድርጎ ተቀብሎኛል፤ ሥራዬ የተጠቃሚ ጥናት ነው። ድርጅቱ ለጤና ተቋማት በሚያቀርበው ፕሮግራም ላይ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራ አዲስ ፊቸር ጨምሯል። ነርሷ የታካሚውን ሕመም፣ ሙቀት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ስታስገባ አጭር ማጠቃለያ ይጽፍላታል፤ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ እያለም ማን መቅደም እንዳለበት ይጠቁማታል። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ተቋማት እየዞርኩ ባለሙያዎቹን እጠይቃለሁ።

ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ ሥራ አቅልሎልናል» ይሉኛል። አለቃዬም ደስ ብሎታል። አንድ ቀን ግን አንድ ጤና ጣቢያ ትሪያጅ (ቀድሞ መታከም ያለበት የሚለይበት) ክፍል ውስጥ ጠዋት ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ሲስተሯ ታካሚዎቹን የምትመዘግበው ከጋውኗ ኪስ በምታወጣው የታጠፈ ወረቀት ላይ እንደሆነ አየሁ። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ ኮከብ ታደርጋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ኮምፒዩተሩ ላይ የምታስገባው ሰው ሲቀልላት፣ ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ያወጣውን ቀለም ሳታነብ «ተቀበል» የሚለውን ትጫናለች። እያየኋት እንደሆነ ስታውቅ «አደራ፣ ይሄን እንዳትጽፊው፤ ኃላፊው ከሰማ ጣጣ ነው» አለችኝ።

ሪፖርቱ በሁለት ሳምንት ይፈለጋል። ብጽፍ እሷን አሳልፌ መስጠት ይሆንብኛል፤ ባልጽፍ ደግሞ ውሸት ነው። ጥሩ ሪፖርት ካመጣሁ ቋሚ ቅጥር እንደሚኖርም ተነግሮኛል። አባቴ በበኩሉ «ተመርቀሽ ሰው ስትጠይቂ ትውያለሽ፣ ይሄ ምን ሥራ ነው?» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

አብሽሪ እህቴ። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ደሴ ላይ በጤና መረጃ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የትሪያጅን ጠዋት አውቀዋለሁ፤ አዲስ ፕሮግራም ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ምን ሲጠይቁ እንደሚውሉም አይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትሰልቺ።

ምክሬን ከፊት ላስቀምጠው። ያየሽውን ጻፊ፤ ሲስተሯን ግን ከጽሑፉ ውስጥ ማንም ፈልጎ እንዳያገኛት አድርጊ። ሁለቱ የማይታረቁ መስለው የታዩሽ፣ ያየሽውን እንደ ሲስተሯ ጥፋት ስለቆጠርሽው ይመስለኛል። እሷም እንደዚያው ስለቆጠረችው ነው አደራ ያለችሽ። እኔ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ያገኘሁት ሥራዋን በአግባቡ የምትሠራ ነርስ ነው። በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ እያለ ማን መቅደም እንዳለበት ወዲያው መወሰን አለባት፤ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጽፋ ትወስናለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ የጤና መድን መታወቂያ እያለ ሳጥኑ ሁሉ ካልተሞላ ቀለሙን የማያሳያት ከሆነ፣ ጥቆማው የሚደርሳት ሕፃኑ ታይቶ፣ መድኃኒቱ ተይዞለት፣ እናቱ አዝላው የሀርቡን መኪና ከተሳፈረች በኋላ ነው። ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚናገር መሣሪያ ከምሳ በኋላ ቢናገር ለማንም አይጠቅምም። የሪፖርትሽ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ይህን ለመጻፍ የሲስተሯ ስም የትም ቦታ አያስፈልግሽም።

«በጣም ጥሩ ነው» ያሉሽን ሰዎች ደግሞ ዋሹኝ ብለሽ አትቀየሚያቸው። አንቺ የሄድሽው ደብዳቤ ይዘሽ፣ ኃላፊው አስተዋውቆሽ፣ ፕሮግራሙን ከሠራው ድርጅት ተልከሽ ነው። በዚያ ላይ ወጣት ነሽ፣ የአገር ልጅ ነሽ፤ ሥራው እንዲቃናልሽ መጓጓትሽ ከፊትሽ ላይ ይነበባል። የወሎ ሰው ደጁ ድረስ የመጣን እንግዳ «ያመጣሽው አይረባም» ብሎ የሚመልስበት አንጀት የለውም። ኃላፊው አጠገባቸው ቆሞ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ይሉኝታ ባለበት አገር የተጠቃሚ ጥናት የሚሠራ ሰው ምስጋናን እንደ ሰላምታ መቁጠር አለበት። ሰላምታውን በደስታ ተቀብለሽ ወደ ሥራው መግባት ነው።

ስለዚህ «ይመቻል?»፣ «ወደዳችሁት?» የሚሉትን ጥያቄዎች ከደብተርሽ ሰርዣቸው። የሆነ፣ ያለፈ ነገር ጠይቂ። «ትናንት መጨረሻ ላይ ያየሻቸውን ታካሚ ከበር ከገቡ ጀምሮ ንገሪኝ» በያት። «ነገ አዲስ ነርስ ቢመደብልሽ ከዚህ ፕሮግራም መጀመሪያ የምታሳዪው የቱን ነው? እንዳይነካው የምትነግሪውስ?» በያት። «ማሽኑ ያለውን ትተሽ በራስሽ የወሰንሽበት ቀን ነበር?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። ዝምታው ሲረዝም ያስጨንቅሻል፤ በሌላ ጥያቄ አትሙዪው። ሰው የሆነ ቀን ትዝ እስኪለው ጊዜ ይፈልጋል።

የምትሄጂበትን ሰዓትም አስቢበት። ቃለ መጠይቅ የሚመቸው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰው ይቀንሳል፣ ባለሙያዎቹም አረፍ ይላሉ። ጉዱ ያለው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ሰኞን እይ፤ ገበያ የመጣው ሰው ሕክምናውንም በዚያው ሊጨርስ ይፈልጋል። ከተፈቀደልሽ አንድ ሌሊት ከተረኛ ነርስ ጋር አምሺ፤ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደምታደርግ የምታይው ያን ጊዜ ነው። ቡና ላይ የሚወራውም ከቢሮ ቃለ መጠይቅ ይበልጣል። ግን እንደምትጽፊ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሳያውቁሽ የሰማሽውን ሪፖርት ላይ ማውጣት ስርቆት ነው።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ልመለስ። ኮከቡ ምን እንደሆነ ሂጂና ጠይቂያት። እኔ ባየኋቸው እንዲህ ዓይነት ወረቀቶች ላይ አንዷ ነርስ ምልክት የምታደርገው ከሩቅ መጥተው የከሰዓቱ መኪና እንዳያመልጣቸው ለምትሰጋላቸው ሰዎች ነበር። ሌላዋ ደግሞ አስተርጓሚ ለሚያስፈልጋቸው፤ ከባቲ በኩል ለሚመጡ የአፋርኛና የኦሮምኛ ተናጋሪዎች። ያንቺዋ ሲስተር ኮከብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን፣ ያች ምልክት ፕሮግራሙ የማያውቀውንና ነርሷ ያለ እሱ መሥራት የማትችለውን ነገር ትነግርሻለች። ወረቀቱን ፎቶ እንዳታነሺ፤ የታካሚ ስም አለበት። ባዶ ገጽ ላይ ዓምዶቹን ብቻ ሣያቸው፤ የመጀመሪያው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ምን እንደሆነ፣ በስንት ቃል እንደሚሞላ። ከጎኑ የፕሮግራሙን ገጽ በቅደም ተከተሉ አስቀምጪ። አለቃሽ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ብዙ ማብራራት አያስፈልግሽም።

ከወረቀቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ነው።

ድርጅትሽ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያየው ቁጥር ነው። ከኮምቦልቻ የሚደርሰው ቁጥር ደግሞ «ነርሶቹ የማሽኑን ጥቆማ ሁልጊዜ ይቀበላሉ» ይለዋል። ይህን ያየ ሰው ማሽኑ ልክ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ለሌላ ሆስፒታል ሲያቀርበው ይህንኑ ማስረጃ ያደርገዋል። ሞዴሉን፣ ማለትም ቀለሙን የሚወስነውን የማሽኑን አንጎል፣ እንደገና ለማሠልጠን ከተጠቀሙበት ደግሞ ማንም ያላነበበው «አዎ» የባለሙያ ምስክርነት ሆኖ ማሽኑን መልሶ ያስተምረዋል። እዚህ በድካም የተጫነ ቁልፍ ነገ ሌላ ቦታ ለሚታከም ሰው ውሳኔ ይሆናል ማለት ነው።

ሲስተሯንስ አስበሻታል? መዝገቡ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው። ማሽኑ አረንጓዴ ያለው ታካሚ ቢብስበትና ፋይሉ ቢመረመር፣ «በዚህ ሰዓት፣ በዚህች ነርስ፣ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ነው የሚገኘው። እሷ በወረቀቷ ላይ ታካሚውን አስቀድማው ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ማታ ቅርጫት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ዝም ማለትሽ እሷን አይጠብቃትም። የሚጠብቃት ፕሮግራሙ በትክክለኛው ሰዓት እንዲደርስላትና ሳታነበው «አዎ» እንዳያስብላት ተደርጎ መስተካከሉ ነው። ይህን በዚሁ መልክ ንገሪያት። አደራውን ያስገባችሽ ሰው አደራው ምን እንደሚያስከትልባት ማወቅ አለባት።

አለቃሽ «ሞዴላችን በሙከራ ጥሩ ውጤት አለው» ቢልሽ፣ ሙከራና ሥራ ቦታ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያሳይ በቂ ታሪክ አለ። ጉግል በስኳር ሕመም ምክንያት የሚመጣ የዓይን ጉዳትን ከፎቶ የሚለይ ሥርዓት ሠርቶ ታይላንድ ውስጥ 11 ክሊኒኮች ላይ ሥራ ላይ ሲያውለው፣ ተመራማሪዎቹ አንቺ አሁን የምትሠሪውን ሥራ ነበር የሠሩት፤ ከነርሶቹ ጋር ሆነው ሥራቸውን ተመለከቱ። ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙት። ነርሶቹ ካነሷቸው 1,838 ፎቶዎች ውስጥ 21 በመቶ ያህሉን ማሽኑ ጥራታቸው አይበቃም ብሎ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ የነርስ ስንፍና አልነበረም። ለዓይን ፎቶ ጨለም ያለ ክፍል ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ክሊኒኮች ግን እንዲህ ያለ ክፍል አልነበራቸውም። አንድ ቦታ ኢንተርኔት ለሁለት ሰዓት ስለተቋረጠ 200 ሰው ይመረመራል በተባለበት ቀን 100 ብቻ ተመረመረ። ማሽኑ ፎቶውን ያልተቀበለለት ታካሚ ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄድ ስለነበረበት፣ ይህን ያዩ አንዳንድ ነርሶች ታካሚዎቻቸው በጥናቱ እንዳይሳተፉ ይመክሩ ነበር። ያ ሁሉ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ አይታይም ነበር። ያሳተመው ደግሞ ተፎካካሪ ሳይሆን የራሱ የድርጅቱ ቡድን ነው። ይህን ለአለቃሽ ንገሪው፤ ድክመቱን ራሱ ፈልጎ ያገኘ ድርጅት ሌሎች የሚማሩበት ድርጅት ሆኗል።

ድክመቱ ሳይፈለግ ሲቀር ደግሞ ምን እንደሚያጋጥም እይ። አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ የዋለ፣ ሴፕሲስ የተባለውን አደገኛ የኢንፌክሽን መዘዝ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል የተባለ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በራሳቸው ሆስፒታል ሲፈትሹት ሴፕሲስ ከያዛቸው ታካሚዎች 67 በመቶውን ሳያስጠነቅቅ አሳልፏቸዋል። በአንጻሩ ከተኙት ታካሚዎች ሁሉ ለ18 በመቶው ደወል አሰምቷል። በማይረባ ደወል የደከመ ሰው ዋናውንም ደወል ሳያይ ያልፈዋል። አንቺ ያየሽው ሳይነበብ የሚጫን ቁልፍም የዚሁ ሕመም ሌላ መልክ ነው። እንዳይመስልሽ፣ እኔ ቴክኖሎጂውን የምጠላ ሰው አይደለሁም። አንዲት ነርስ ጠዋቱን ሙሉ ብቻዋን በምትቆምበት ክፍል፣ በደንብ የተሠራና በሰዓቱ የሚደርስ ጥቆማ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው በጥድፊያና በሙገሳ እንዳይበላሽ የምጨነቀው።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንሽ አጣሪልኝ፤ ዕድሜ። ፕሮግራሙ የትውልድ ቀን ሲጠይቅ ባለሙያዎቹ ምን ያስገባሉ? ብዙ እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸውን በግምት ነው የሚናገሩት። ነርሷም በግምት ዓመት ትሞላለች፤ ቀንና ወሩን ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ታደርገዋለች። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ2017 መጨረሻ የተወለደ የጥቂት ወር ሕፃን እናቱ «2017» ብትልና ሳጥኑ የፈረንጁን አቆጣጠር የሚጠብቅ ከሆነ፣ ማሽኑ ፊት የቀረበው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ በደቂቃ 80 የልብ ምት ጤናማ ነው። ለጥቂት ወር ሕፃን ግን ዝቅ ያለና የሚያሳስብ ነው። ማሽኑ አረንጓዴ ሊለው ይችላል፤ ሲስተሯ ግን ሕፃኑን በዓይኗ እያየችው ነው። ይህ ሳጥን እንዴት እየተሞላ እንደሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ብታይ፣ ድርጅትሽ በብዙ ገንዘብ የማያገኘውን ስህተት አገኘሽለት ማለት ነው። ሰዓቱንም አትርሺው፤ ጠዋት 2 ሰዓት የተባለው በፕሮግራሙ ውስጥ ሌሊት 8 ሰዓት ሆኖ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

ስለ አደራው በዝርዝር ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ። «ስሟን አልጠቅስም» ማለት ብቻ አይበቃም። በአንድ ጤና ጣቢያ ትሪያጅ ላይ የሚመደቡት ነርሶች ጥቂት ናቸው። «አንዲት የኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የትሪያጅ ነርስ ከጋውኗ ኪስ ወረቀት አውጥታ» ብለሽ ብትጽፊ፣ ኃላፊው ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያውቃታል። የሄድሽበትን ቀን ብትጽፊ የተራ ሰሌዳውን አይቶ ያገኛታል። እንግዲህ መጀመሪያ ተመሳሳይ ነገር ሌላ ቦታ እንዳለ ፈትሺ። ደሴ ሂጂ፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ጠዋት ቁጭ በይ። ወረቀት የምትይዘው እሷ ብቻ አትሆንም፤ እኔ ከማውቀው ተነስቼ ስናገር ብዙ ቦታ ታገኚዋለሽ። ከዚያ የምትጽፊው «በጎበኘኋቸው ተቋማት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ምዝገባው በወረቀት ይቀድማል፣ ፕሮግራሙ ላይ የሚገባው ኋላ ነው» የሚል ይሆናል። ቦታ አትለዪ፣ ቀን አትጻፊ፣ ጾታ እንኳ አትግለጪ። ሌላ ቦታ ፈልገሽ ካጣሽው ግን በእሷ ላይ ብቻ ተመሥርተሽ አትጻፊው። የፕሮግራሙን መዝገብ ተመልከቺ፤ ታካሚዎቹ የተመዘገቡበት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ላይ ተከማችቶ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ ከራሱ ቁጥር ያገኘዋል። ያኔም የሁሉም ተቋም ቁጥር ተደምሮ ይውጣ እንጂ በተቋምና በነርስ ተለይቶ እንዳይወጣ ለምኚ።

ሁለተኛ፣ የጻፍሽውን ከመላክሽ በፊት ሲስተሯ ጋ ተመልሰሽ ያችን አንቀጽ አንብቢላት። «ይህ አንቺን ያጋልጥሻል?» በያት። አንድ ቃል ይውጣ ብትልሽ አውጪው። ጨርሶ አይጻፍ ካለችሽ ደግሞ አክብሪላት፤ ከእሷ ያየሽውን ትተሽ ሌላ ቦታ ባየሽው ብቻ ጻፊ። አለቃሽ የድምፅ ቅጂ ወይም ማስታወሻ ደብተርሽን ቢጠይቅሽ ስሞቹን አጥፍተሽ ካልሆነ አትስጪ። ይህን ዛሬውኑ፣ ጥያቄው ሳይመጣ በፊት ንገሪው፤ ከመጣ በኋላ ሲነገር እምቢተኝነት ይመስላል።

ታካሚዎቹንም ማነጋገርሽ አይቀርም፤ እነሱም ተጠቃሚ ናቸው። ሕመም ላይ ያለን ሰው ሳይታከም በፊት አትጠይቂ። ፈቃድ ስትጠይቂ «እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይቀርም፣ ተራዎም አያልፍም» ብለሽ በግልጽ ንገሪ፤ ይህ ካልተነገረ ሰው የሚፈቅደው ፈርቶ ነው። የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። የታካሚ ስም ያለበትን ማስታወሻ ስልክሽ ላይ አታኑሪ፣ በቴሌግራም አትላኪ። ሥራ ሲበዛብሽ ደግሞ ቃለ መጠይቆቹን ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈሽ አጠቃልልኝ ማለት ሊያምርሽ ይችላል፤ እባክሽ አታድርጊው። የሰው ሚስጥር ከእጅሽ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አታውቂም። በእጅሽ ጻፊ፣ በራስሽ አንብቢ። ሥራውን የምትማሪውም በዚያ ነው።

ሪፖርቱን ስትጽፊ ያየሽውን፣ የሰማሽውንና የገመትሽውን ለያይተሽ አስቀምጪ። «ነርሶቹ አልወደዱትም» አትበይ፤ ማንም አልጠላሁም አላለሽም። «ጥቆማው የሚታየው ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ከቀለሙ በፊት መሞላት ያለባቸው ሳጥኖች እነዚህ ናቸው» በይና ሳጥኖቹን ቁጠሪ። ምስጋናውንም አትደብቂ፤ ማጠቃለያው በእርግጥ የጠቀማቸው ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ ሪፈር ሲጽፉ፣ ጻፊው። ከዚያ መፍትሔ ጠቁሚ፤ ሕመሙና የልብ ምቱ፣ ሙቀቱና ግፊቱ ብቻ ሲገባ ቀለሙ ይምጣ፣ ሌላው ኋላ ይሞላ። ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት በገጹ ላይ ቦታ ይሰጠው። «ተቀበል» የሚለው ሳይነበብ የሚጫን ከሆነ በመቀበል ፈንታ ነርሷ ራሷ ቀለሙን እንድትመርጥ ይደረግና የማሽኑ ከዚያ በኋላ ይታይ። ይህ የመጨረሻው ሁሉንም ላያስደስት ይችላል፤ ቢያንስ መሞከር አለበት ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቅጥሩ፤ እውነት በመጻፍሽ ሊያስቀሩሽ ይችላሉ፣ አይሆንም ብዬ አላታልልሽም። ግን ሙገሳ ብቻ እንድትጽፊ የሚፈልግ ድርጅት ቢቀጥርሽም ነገ ሌላ ሙገሳ ይጠይቅሻል። አለቃሽ ደስ ያለው ሌላ ነገር ስላልሰማ ሊሆን ይችላልና፣ ሳትሰሚው አትፍረጂበት። ውልሽን አንብቢ፤ ያገኘሽውን ለሌላ ቀጣሪ ማሳየት የሚከለክል ነገር ካለበት አሁን እወቂው። የደሴና የኮምቦልቻ መመላለሻሽን ከኪስሽ እየከፈልሽ ከሆነም ጠይቂ፤ አታፍሪ።

አባትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም። ጤና ጣቢያ ተራ ጠብቀው ያውቁ ይሆናል፤ መጨረሻ የሄዱ ዕለት ከበር እስከ መድኃኒት ቤት ምን እንደገጠማቸው ጠይቂያቸውና ደብተርሽን አውጥተሽ ጻፊ። የምትሠሪውን ሥራ ያን ጊዜ ያዩታል።

ሁለት ሳምንት አጭር ናት፤ እንዲህ አድርጊ። በዚህ ሳምንት ኮከቡን ጠይቂና ሌሎቹን ቦታዎች ጨርሺ። በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ለሲስተሯ አንብቢላት። ሪፖርቱን ከመላክሽ በፊት ደግሞ አለቃሽ አንድ ጠዋት መጥቶ ትሪያጅ ውስጥ እንዲቀመጥ ጋብዢው፤ ሲስተሯ ወዳለችበት ሳይሆን ወደ ሌላ ተቋም፣ ከኃላፊውም ከነርሶቹም አስፈቅደሽ። ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስቼ እደርሳለሁ ካለሽ እሺ አትበይው። ማታውን ገብቶ እንዲያድርና 2 ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ እንዲገኝ ንገሪው።